ካፕሱሉ ትክክለኛ ሆኖ ሳለ «ሚስብራንድድ» የተባለው ለምንድን ነው?

ሰናይት

ሰላም ለዚህ ቤት ሰዎች። ለኤምፒጄኢ (በአሜሪካ ፋርማሲስቶች ለሚወስዱት) የሕግ ፈተና የምታነቡ፣ ወይም አልፋችሁ ሥራ ላይ ያላችሁ እርዱኝ። ኤፍዲኤ (የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት ተቆጣጣሪ) እ.ኤ.አ. በ1940ዎቹና በ1950ዎቹ ያወጣቸው የነበሩ የፍርድ ማስታወቂያዎች አሉ፤ ብዙዎቹ የሰፈር መድኃኒት ቤቶችን የሚመለከቱ ናቸው። ታሪኩ ሁሌ አንድ ዓይነት ነው፦ ባለቤቱ ወይም ተቀጣሪው ፋርማሲስት ሴኮናል ወይም ኔምቡታል የተባሉትን የእንቅልፍ መድኃኒቶች ያለ ሐኪም ማዘዣ ሸጠ። ክሱ ግን «ያለ ማዘዣ ሸጠ» አይልም፤ «መድኃኒቱን ሚስብራንድድ አደረገ» ነው የሚለው።

ያልገባኝ ይህ ነው። ካፕሱሉ ከፋብሪካ የወጣ እውነተኛ ካፕሱል ነው፤ ይዘቱም ልኩም አልተነካም። ታዲያ የሌብል ወንጀል ከየት መጣ? ደግሞስ በአንድ ስቴት ውስጥ፣ በአንድ መንገድ ዳር ያለ መድኃኒት ቤት ለሰፈሩ ሰው የሸጠውን የፌዴራል መንግሥት በምን ሥልጣን ያዘው? በተግባር እንዴት አድርገው እንደሚያስረዱ የምታውቁ ካላችሁም ጨምሩልኝ።

ጌታሁን

እህቴ ሰናይት፣ «ሚስብራንድድ» ሲባል በተራ አነጋገር የውሸት ስም የተለጠፈበት ይመስላል። በሕጉ ግን ከዚያ በጣም ይሰፋል። የ1938ቱ የፌዴራል የምግብ፣ የመድኃኒትና የመዋቢያ ሕግ አንቀጽ 502 ከዘረዘራቸው መሥፈርቶች አንዱ ከጎደለ፣ መድኃኒቱ የቱንም ያህል ንጹሕ ቢሆን ሚስብራንድድ ነው። ሌብሉ ቢዋሽም ዝም ቢልም በዚህ ሕግ ፊት እኩል ነው።

መጀመሪያ መንግሥት ለምን በሌብል በኩል እንደመጣ እንይ። የ1914ቱ የሃሪሰን ሕግ ኦፒየምንና ኮካን እንጂ ባርቢቹሬቶችን (ሴኮናልና ኔምቡታል የሚመደቡበትን የመድኃኒት ወገን) አይነካም ነበር። የፋርማሲ ፈቃድ የሚሰጠውና የሚነጥቀው ስቴቱ ነው። የፌዴራል መንግሥት እጅ የሚደርሰው ከስቴት ወደ ስቴት በሚንቀሳቀስ ዕቃ ላይ ብቻ ነበር። በ1937 ኤሊክሲር ሰልፋኒላማይድ በተባለ ፈሳሽ መድኃኒት ከ100 በላይ ሰው ሲሞት እንኳ መንግሥት መድኃኒቱን ከገበያ የሰበሰበው «ኤሊክሲር የተባለ ነገር አልኮል ሊኖረው ይገባል፤ ይሄ የለውም» በሚል የሌብል ምክንያት ነበር። መርዛማ ፈሳሽ መሸጥን በቀጥታ የሚከለክል ድንጋጌ አልነበረም። በማግስቱ ዓመት፣ ሰኔ 25 ቀን 1938 የተፈረመው ሕግ ብዙ ነገር ቢለውጥም በሌብል በኩል የመሄዱን መንገድ ግን ይበልጥ አስፍቶ አስቀጠለው።

አሁን አንድ የሴኮናል ጠርሙስ በዓይነ ኅሊናሽ ያዢ። ከፋብሪካ ሲወጣ ጠርሙሱ ላይ የአምራቹ ስምና አድራሻ፣ የካፕሱሉ ብዛት፣ የመድኃኒቱ የተለመደ ስም፣ በአንዱ ካፕሱል ውስጥ ያለው መጠን (የተለመደው አንድ ተኩል ግሬን፣ ማለትም ወደ 100 ሚሊግራም)፣ «ማስጠንቀቂያ፦ ሱስ ሊያስይዝ ይችላል» የሚለው ቃል፣ በመጨረሻም በሐኪም ማዘዣ ብቻ የሚሰጥ መሆኑ ተጽፏል። ፋርማሲስቱ ከዚህ ጠርሙስ 25 ካፕሱል ቆጥሮ ምንም ባልተጻፈበት ፖስታ ውስጥ ከትቶ ይሸጣል። በዚያች ደቂቃ ምን ምን ጎደለ?

የሻጩ ወይም የአምራቹ ስምና ቦታ ጠፋ፤ ይህ 502 ቢ 1 ነው። ብዛቱ አልተጻፈም፤ 502 ቢ 2። የመድኃኒቱ ስም የለም፤ 502 ኢ። የሱስ ማስጠንቀቂያው የለም፤ 502 ዲ፣ እሱም የባርቢቹሪክ አሲድ ተዋጽኦዎችን በስም ጠርቶ ያስገድዳል። አወሳሰዱ አልተገለጸም፤ 502 ኤፍ 1። ምን ያህል ቢወሰድ፣ ከምን ጋር ቢወሰድ እንደሚጎዳ አልተነገረም፤ 502 ኤፍ 2። በፍርድ ማስታወቂያዎቹ ውስጥ የምታነቢያቸው ቁጥሮች እነዚህ ናቸው። አንዷ ነጭ ፖስታ ስድስት ጉድለት ትሸከማለች።

ድርጊቱን ወንጀል የሚያደርገው ደግሞ 301 ኬ ነው። ከስቴት ወደ ስቴት ተጭኖ የመጣ መድኃኒት ለሽያጭ ተቀምጦ ሳለ ሌብሉን መለወጥ፣ ማበላሸት፣ ማንሳት፣ ወይም መድኃኒቱን ሚስብራንድድ የሚያደርግ «ሌላ ማናቸውም ድርጊት» መፈጸም ክልክል ነው። ካፕሱሉን ከተሟላው ጠርሙስ አውጥቶ ባዶ ፖስታ ውስጥ መክተት «ሌላ ማናቸውም ድርጊት» ሆነ። ጠርሙሱ መደርደሪያው ላይ ሌብሉ ሳይነካ መቀመጡ አያድንም፤ ገዢው ይዞት የሄደው ፖስታውን ነው።

ስለ ሥልጣኑ የጠየቅሽውን የመለሰው በጥር 1948 የተወሰነው የሱሊቫን ጉዳይ ነው። መድኃኒቱ የእንቅልፍ አልነበረም፤ ሰልፋታያዞል የተባለ የባክቴሪያ መድኃኒት ነው፤ ሕጉ ግን አንድ ነው። እያንዳንዳቸው 1,000 እንክብል የያዙ ጠርሙሶች ከቺካጎ ወደ አትላንታ ተጫኑ። በኮሎምበስ፣ ጆርጂያ ያለ መድኃኒት ቤት ከአትላንታው ነጋዴ አንድ ጠርሙስ ገዛ። ከዚያ 12፣ 12 እንክብል ሁለት ጊዜ አውጥቶ «ሰልፋታያዞል» ብቻ በተጻፈባቸው ትንንሽ ሣጥኖች ሸጠ። ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት «ከስቴት ወደ ስቴት የተደረገው ጉዞ አትላንታ ላይ አልቋል፤ በጆርጂያ ውስጥ የተደረገ ችርቻሮ የፌዴራል ጉዳይ አይደለም» ብሎ ነጻ አወጣው። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በዳኛ ሁጎ ብላክ ጸሐፊነት ሻረው፦ ሕጉ የሚጠብቀው መድኃኒቱ እስከ መጨረሻው ተጠቃሚ እጅ እስኪገባ ድረስ ነው። በዚያው ዓመት ኮንግረስ በ301 ኬ ውስጥ «የመጀመሪያው ሽያጭ ቢሆንም ባይሆንም» የሚል ሐረግ አስገብቶ ክርክሩን ዘጋው።

የተቃወሙት ዳኞች ሐሳብም ንቀት አይገባውም። ፍራንክፈርተር «ሌላ ማናቸውም ድርጊት» የሚለው ከፊቱ ካሉት ቃላት ጋር መነበብ አለበት፤ ማለትም ሌብል ማበላሸትን የመሰለ ድርጊት እንጂ ከጠርሙስ ማውጣትን አይጨምርም ይል ነበር። ከሕግ ቋንቋ አንጻር ጠንካራ ክርክር ነው። ለበሽተኛው ግን ምንም አይፈይድም። ፖስታው ላይ ምንም ካልተጻፈ፣ ማታ የመጣ አምቡላንስ የተኛው ሰው ምን እንደዋጠ የሚያውቅበት መንገድ የለም።

አማኑኤል

ጋሽ ጌታሁን በጥሩ ሁኔታ አስረድተዋል። አንድ ነገር ግን መለየት አለበት፤ ፈተናውም ላይ ይመጣል። ከላይ የተባለው ሁሉ ከ1951 በፊት ላለው ክስ ነው። ጥቅምት 26 ቀን 1951 የደርሃም–ሃምፍሪ ማሻሻያ ጸደቀ፤ ከስድስት ወር በኋላ በሥራ ላይ ዋለ። ያቀረቡት ሁለቱም የኮንግረስ ሰዎች ፋርማሲስቶች ነበሩ፤ ካርል ደርሃም ከሰሜን ካሮላይና፣ ሂዩበርት ሃምፍሪ ከሚኒሶታ። ከዚያ በኋላ ክሱ የሚቆመው በ503 ቢ 1 ላይ ነው። ያ አንቀጽ በማዘዣ ብቻ መሰጠት ያለበትን መድኃኒት ያለ ማዘዣ መስጠት «መድኃኒቱ ለሽያጭ ተቀምጦ ሳለ ሚስብራንድድ የሚያደርገው ድርጊት ተደርጎ ይቆጠራል» ይላል።

ልብ በሉ፣ «ይቆጠራል» ነው የሚለው። ከ1952 ጸደይ ጀምሮ ፖስታው ላይ ምን ተጻፈ፣ ምን ቀረ ብሎ አንድ በአንድ መቁጠር አላስፈለገም። ማዘዣ አለመኖሩ ራሱ ወደ 301 ኬ ይወስዳል። ስለዚህ የ1949ን ማስታወቂያ ከ1955ቱ ጋር አጠገብ ለአጠገብ ብታስቀምጪ፣ ያኛው የጎደለውን ሌብል ይዘረዝራል፤ ይኼኛው ግን «ያለ ማዘዣ ተሰጠ» ብሎ በአንድ ዐረፍተ ነገር ያልፈዋል። የወንጀሉ ስም ግን በሁለቱም ሚስብራንዲንግ ነው።

ሰናይት

ሁለታችሁንም አመሰግናለሁ፤ የአንቀጾቹ ቅደም ተከተል አሁን ገባኝ። አንድ ተከታይ ጥያቄ አለኝ። ከ1951 በፊት አንድ ፋርማሲስት ያለ ማዘዣ እየሸጠ፣ ነገር ግን ሌብሉን ሙሉ አድርጎ ቢጽፍስ? ስሙን፣ አድራሻውን፣ «25 ካፕሱል»፣ «ሴኮናል ሶዲየም»፣ የሱስ ማስጠንቀቂያውን፣ «ማታ ሲተኙ አንድ» የሚለውን ሁሉ ጽፎ ቢሰጥ ያመልጥ ነበር?

ጌታሁን

ጥሩ ጥያቄ ነው፤ የ1951 ማሻሻያ ካስፈለገባቸው ምክንያቶች አንዱን ነካሽው።

ከ502 ቢ፣ ዲ እና ኢ ያመልጣል። 502 ኤፍ 1 ግን ይይዘዋል። ያ አንቀጽ የሚጠይቀው «በቂ የአወሳሰድ መመሪያ» ለተራ ሰው የሚበቃ፣ ሐኪም ሳያይ ራሱን በደኅና እንዲያክም የሚያስችል ማለት ነው። ለምን በሽታ፣ ስንት፣ በየስንት ሰዓቱ፣ ለስንት ቀን፣ መቼ ማቆም። ለባርቢቹሬት እንዲህ ያለ መመሪያ መጻፍ አይቻልም፤ ሰውነት ሲለምደው የሚያስተኛው መጠን እየጨመረ ይሄዳል፤ የሚገድለው መጠን ግን በዚያው ልክ ከፍ አይልም። በሁለቱ መካከል ያለው ርቀት እየጠበበ ይመጣል። «ማታ አንድ» ብሎ መጻፍ ይህን አያሟላም። አምራቹ ከዚህ ግዴታ ነጻ የወጣው «በሐኪም ማዘዣ ብቻ» ብሎ ስለጻፈና መድኃኒቱ በዚያ መንገድ ብቻ እንዲሄድ ስለታሰበ ነው። ፋርማሲስቱ ያን መንገድ ሲለቅ ነጻ መሆኑም ይቀራል።

ችግሩ የትኛው መድኃኒት «በማዘዣ ብቻ» እንደሚባል የሚወስነው ራሱ አምራቹ መሆኑ ነበር። አንዱ ፋብሪካ የማዘዣ ጽሑፍ የለጠፈበትን ሌላው ሳይለጥፍ ይልከዋል። ሁለቱም አንድ መደርደሪያ ላይ ተቀምጠው ፋርማሲስቱ የትኛውን ሕግ እንደሚከተል ግራ ይገባው ነበር። ደርሃም–ሃምፍሪ ይህን ወደ ሕጉ አስገባው፦ ሱስ የሚያስይዙት፣ በመርዛማነታቸው ወይም በአጠቃቀማቸው ምክንያት ያለ ሐኪም ክትትል የማይወሰዱት፣ እንዲሁም በማዘዣ ብቻ እንዲሸጡ የጸደቁ አዳዲስ መድኃኒቶች። በእነዚህ ላይ የግድ «ጥንቃቄ፦ የፌዴራል ሕግ ያለ ማዘዣ መስጠትን ይከለክላል» የሚል ይጻፋል። የ1997ቱ ሕግ ይህን ረጅም ዐረፍተ ነገር በ«አርኤክስ ኦንሊ» ተካው፤ የ502 ዲን የሱስ ማስጠንቀቂያም ሠረዘው። ስለዚህ ሰናይት፣ ፈተና ላይ 502 ዲ አሁን በሥራ ላይ እንዳለ አድርጎ የሚያቀርብ ምርጫ ካየሽ ተጠንቀቂ።

ተስፋዬ ላብ

ማስረጃውን የሚመለከተውን እኔ ልመልስ፤ ብዙ ጊዜ ክሱ የሚወድቀውም የሚቆመውም እዚህ ነው።

መጀመሪያ የስቴት መሻገሩ ይረጋገጣል። በዚያ ዘመን ሴኮናል የሊሊ ኩባንያ ነበር፣ ከኢንዲያናፖሊስ ይወጣ ነበር፤ ኔምቡታል የአቦት ነበር፣ ከኢሊኖይ። መድኃኒት ቤቱ ኢንዲያና ውስጥ ሆኖ ሴኮናሉን በቀጥታ ከኢንዲያናፖሊስ ካመጣ ድንበር አልተሻገረም፤ በዚያ ካፕሱል የፌዴራል ክስ አይቆምም። ኢንስፔክተሩ ያን ጊዜ ከሌላ ስቴት የመጣ መድኃኒት ፈልጎ መግዛት አለበት፤ ካልሆነም ጉዳዩ ለስቴቱ የፋርማሲ ቦርድ ይተላለፋል። ይህ ራስ ምታት እስከ 1997 ነበር። ከዚያ ወዲህ አንቀጽ 709 መሻገሩን አስቀድሞ ይገምታል፤ አልተሻገረም የሚለው ተከሳሹ ነው የሚያፈርሰው።

የጭነት ሰነዱ ከማን እንደሚወሰድም ወሳኝ ነው። አንቀጽ 703 ኢንስፔክተሩ በጽሑፍ ጠይቆ ኢንቮይስና የጭነት ወረቀት እንዲያይ ይፈቅዳል፤ ነገር ግን በዚህ መንገድ ከአንድ ሰው የተገኘ ማስረጃ በዚያው ሰው ላይ በወንጀል ክስ አይቀርብም። ጀማሪ ኢንስፔክተር ፋርማሲስቱን በ703 ጠይቆ ኢንቮይሱን ከተቀበለ፣ ያን ወረቀት በፋርማሲስቱ ላይ ሊጠቀምበት አይችልም። ልምድ ያለው ሰነዱን የሚያወጣው ከጅምላ አከፋፋዩና ከማጓጓዣ ድርጅቱ ነው።

ቀጥሎ የሙከራ ግዢ። አንድ ጊዜ መግዛት አይበቃም፤ «ተሳስቼ ነው» ይባላል። በተለያየ ቀን፣ ቢቻል በተለያየ ገዢ፣ ሁለት ሦስት ጊዜ ይገዛል፤ እያንዳንዱ ግዢ ራሱን የቻለ ክስ ነው። ገዢው የሚለው አጭር መሆን አለበት፤ ስሙን ጠርቶ መጠየቅ ብቻ። ማልቀስ፣ ታምሜአለሁ ብሎ መለመን፣ እምቢ ካለ በኋላ ደጋግሞ መጎትጎት ለተከሳሹ የ«አነሳሥተው አስጠፉኝ» መከላከያ ይሰጠዋል፤ ይህ መከላከያ ከ1932ቱ የሶሬልስ ጉዳይ ጀምሮ በጠቅላይ ፍርድ ቤት የታወቀ ነው። ከበሩ እንደወጣ ሰዓቱ፣ የሸጠው ሰው ማንነት፣ የተባባሉት ቃል በቃል፣ ዋጋው፣ መያዣው ምን እንደሚመስልና ምን እንደተጻፈበት ይመዘገባል። ካፕሱሉ ይቆጠራል፤ ፖስታው ሳይቀደድ ይታሸጋል፤ እሽጉ ላይ ቀን፣ የናሙና ቁጥርና ፊርማ ይሰፍራል።

ብዛቱን በተመለከተ በቂ አድርጎ መግዛት ያስፈልጋል። አንቀጽ 702 ቢ ባለቤቱ ከጠየቀ ከናሙናው ከፊሉ ለራሱ ምርመራ እንዲሰጠው ያዛል። 6 ካፕሱል ገዝቶ ላቦራቶሪው ሁሉንም ከጨረሰው የሚሰጥ አይኖርም፤ የተከሳሹ ጠበቃ የመጀመሪያ ጥያቄም ይህ ነው የሚሆነው። 24 ወይም 25 ቢሆን ለምርመራም ለድጋሚ ምርመራም ለመጠባበቂያም ይበቃል።

ላቦራቶሪ ውስጥ ቀይ ካፕሱል ሴኮናል፣ ቢጫው ኔምቡታል፣ ሰማያዊው አሚታል ነው ማለት ማስረጃ አይሆንም፤ ቀለሙን ማንም ይቀባዋል። በዚያ ዘመን የሚሠራው እንዲህ ነው። ካፕሱሉ ውስጥ ያለው የሶዲየም ጨው ስለሆነ በውሃ ይሟሟና አሲድ ይጨመርበታል፤ ያን ጊዜ ንጹሑ አሲድ ይለያል። በክሎሮፎርም ተነጥሎ፣ ክሎሮፎርሙ ተኖ፣ የቀረው ዱቄት ይደርቃል። በኮባልት የሚደረገው የዲሌ–ኮፓኒ ሙከራ ወይን ጠጅ ቀለም ካሳየ የባርቢቹሬት ወገን መሆኑ ይታወቃል፤ የትኛው እንደሆነ ግን አይለይም። እሱን የሚለየው የመቅለጫ ሙቀት ነው፦ ሴኮባርቢታል (ሴኮናል) ወደ 100 ዲግሪ ሴንቲግሬድ፣ ፔንቶባርቢታል (ኔምቡታል) ወደ 130፣ አሞባርቢታል (አሚታል) 156–158፣ ፌኖባርቢታል 174–178። እዚህ የሚበላሸው ሁለት ቦታ ነው። ጨዉን ወደ አሲድ ሳይለውጡ ማቅለጥ ትርጉም የሌለው ቁጥር ይሰጣል። በደንብ ያልደረቀ ናሙና ደግሞ ከትክክለኛው በታች ይቀልጣል፤ ስለዚህ አሞባርቢታል የነበረው ሌላ ነገር መስሎ ይታያል። ክሱ «ሴኮናል» ብሎ ላቦራቶሪው «የባርቢቹሬት ወገን» ብቻ ካለ ዐቃቤ ሕጉ ይቸገራል።

ክስ ከመመሥረቱ በፊት አንቀጽ 305 ለተጠርጣሪው ማስታወቂያ እንዲደርሰውና በቃል ወይም በጽሑፍ ሐሳቡን እንዲያቀርብ ዕድል ይሰጣል። ብዙ ሰው እዚያ ሄዶ «አዎ ሸጫለሁ፣ ደንበኛዬ ስለሆነ ነው» ብሎ ራሱን ይከሳል። ከዚያ ፋይሉ ወደ ፌዴራል ዐቃቤ ሕግ ይሄዳል። የመጀመሪያ ጥፋት ቀላል ወንጀል ስለሆነ ክሱ ያለ ታላቁ ጁሪ (ክስ ይመሥረት አይመሥረት የሚወስነው የዜጎች ቡድን) በዐቃቤ ሕጉ ማመልከቻ ብቻ ይከፈታል። አብዛኞቹ «ጥፋተኛ ነኝ» ወይም «አልከራከርም» ብለው ይቀጡ ነበር። በ1938ቱ ሕግ ጣሪያው አንድ ዓመት እስራት፣ 1,000 ዶላር መቀጫ፣ ወይም ሁለቱም ነው። የድጋሚ ጥፋት ወይም የማጭበርበር ሐሳብ ካለ እስከ ሦስት ዓመትና 10,000 ዶላር።

አማኑኤል

ተስፋዬ፣ ድንቅ ነው። ስለ ቁጥጥር ጉብኝቱ አንድ ነገር ልጨምር። በ1952 በካርዲፍ ጉዳይ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ የኢንስፔክሽን አንቀጹ ግልጽነት ስለሚጎድለው እምቢ ያለን ሰው በወንጀል መቅጣት አይቻልም አለ። ኮንግረስ በ1953 አስተካከለው፦ መታወቂያ አሳይቶ፣ የጽሑፍ ማስታወቂያ ሰጥቶ፣ በተገቢ ሰዓት፤ ናሙና ከወሰደ ደረሰኝ ሰጥቶ። በ1962 ኤፍዲኤ የመዝገብ ፍተሻ ሥልጣኑ ሲሰፋ በስቴታቸው ሕግ መሠረት በማዘዣ የሚሠሩ ፋርማሲዎች ከዚያ ተጨማሪ ሥልጣን ውጭ ሆነዋል። ብዙ ሰው ፋርማሲ ጨርሶ አይፈተሽም ብሎ ይረዳዋል፤ ስሕተት ነው። ዲኢኤ (የፌዴራሉ የዕፅ ቁጥጥር መሥሪያ ቤት) እና የስቴቱ ቦርድ የራሳቸው ሥልጣን አላቸው።

ወይዘሮ ብርቱካን

ልጆቼ፣ የታሪኩን ብላችኋል። ዛሬ ፋርማሲ ለምትመሩት ደግሞ የሚያስፈልገው የሚከተለው ነው።

«እኔ አልሸጥኩም፣ ተቀጣሪዬ ነው» አያድንም። በ1943 የዶተርዋይክ ጉዳይ ጁሪው ኩባንያውን ትቶ ፕሬዚዳንቱን ጥፋተኛ አለው፤ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱም አጸናው። የ1975ቱ የፓርክ ጉዳይ ይህንኑ አጠናከረ። ለማስቆም ሥልጣን ያለውና ያላስቆመ ሰው ባያውቅም ይጠየቃል። ባለቤትነቱ በስምሽ፣ የኃላፊ ፋርማሲስትነቱ በሌላ ሰው ስም ቢሆን ሁለታችሁም ናችሁ።

ጉድለት የሚታወቀው በስሌት ነው። የመነሻ ቆጠራ ላይ የተገዛውን ደምሩ፤ ከዚያ የቀረውን ቆጠራና በማዘዣ የወጣውን ቀንሱ። ለምሳሌ መነሻው 200፣ የተገዛው 5,000፣ አሁን መደርደሪያ ላይ ያለው 600፣ በማዘዣ ፋይል የተረጋገጠው 1,150 ከሆነ፣ 3,450 እንክብል የት እንደሄደ መልስ ያስፈልገዋል። መርማሪው ግዢውን ከአከፋፋዩ ነው የሚያገኘው፤ የእናንተን ኢንቮይስ መጣል አይጠቅምም። የ1965ቱ የመድኃኒት አላግባብ አጠቃቀም ቁጥጥር ማሻሻያ መዝገብ ለሦስት ዓመት እንዲቀመጥ ያዝ ነበር፤ የ1970ው ቁጥጥር የሚደረግባቸው መድኃኒቶች ሕግ ሁለት ዓመት አደረገው። ብዙ ስቴቶች ግን ከዚያ የበለጠ ይጠይቃሉ፤ ሁልጊዜ ጥብቁን ተከተሉ።

አብዛኛው ጉድለት በተንኮል የመጣ አይደለም፤ ከስልክ ይመጣል። ሐኪም ቤት ደውሎ ያዘዘውን ፋርማሲስቱ ወዲያው ካልጻፈውና ፋይል ካላደረገው፣ በሕጉ ዘንድ ማዘዣ የለም። «ነገ እጽፈዋለሁ» የተባለው ሁሉ በስሌቱ ላይ ጉድለት ሆኖ ይወጣል። ሁለተኛው የድጋሚ አሰጣጥ ነው። ዞልፒደም፣ ዲያዚፓም፣ ሎራዜፓም፣ ፌኖባርቢታል አራተኛ ሠንጠረዥ (የ1970ው ሕግ መድኃኒቶችን በቁጥጥር ደረጃ የሚመድብበት) ናቸው፤ ማዘዣው ከተጻፈበት ቀን ጀምሮ ስድስት ወር፣ ቢበዛ አምስት ድጋሚ፤ ከሁለቱ ቀድሞ የደረሰው ይገድባል። ስድስተኛውን የሰጠ ያለ ማዘዣ ሰጥቷል። ደንበኛው እናታችሁን የሚያውቅ፣ በቤተ ክርስቲያን የምትገናኙት ሰው ሊሆን ይችላል፤ በማኅበረሰባችን ውስጥ «አንድ ጊዜ ብቻ አበድሪኝ፣ ሰኞ ሐኪሙ ይልካል» የሚል ጥያቄ ከማንም በላይ ለእኛ ይመጣል። መልሱ እምቢ ብሎ መሸኘት ሳይሆን ሐኪሙን መደወል ነው። ብዙ ስቴቶች ለአስቸኳይ ጊዜ ጥቂት ቀን የሚያደርስ መጠን መስጠትን ይፈቅዳሉ፤ ቁጥጥር ለሚደረግባቸው መድኃኒቶች ግን የማይፈቅዱም አሉ፤ የስቴታችሁን አንብቡ።

ማዘዣ መኖሩም ብቻውን አይበቃም። በዲኢኤ ደንብ ቁጥር 1306.04 መሠረት ማዘዣው ለትክክለኛ ሕክምና የተጻፈ መሆኑን የማየት ተጓዳኝ ኃላፊነት የፋርማሲስቱ ነው። ከሩቅ ከተማ የመጡ አምስት ሰዎች ከአንድ ሐኪም አንድ ዓይነት መጠን ይዘው በጥሬ ገንዘብ ሲከፍሉ ዓይንን ጨፍኖ መሙላት መከላከያ የለውም።

ሌብሉ ላይ የግድ የሚጻፈው፦ የፋርማሲው ስምና አድራሻ፣ የማዘዣው ቁጥር፣ ቀኑ፣ የሐኪሙ ስም፣ ማዘዣው ላይ ካለ የታካሚው ስም፣ አወሳሰዱና ጥንቃቄው። ከሁለተኛ እስከ አራተኛ ሠንጠረዥ ላሉት ለሌላ ሰው ማስተላለፍ ክልክል መሆኑን የሚገልጸው ጽሑፍ ይጨመራል። አማርኛ ብቻ ለሚያነቡ እናትና አባቶች አወሳሰዱን በአማርኛ ደግሞ መጻፍ የሚከለክል የለም፤ እንግሊዝኛውን ግን አይተካም።

ዮናስ ከአዲስ አበባ

በዚህ ርዕስ ላይ ከአገር ቤት በኩል አንድ ነገር። እኛ ጋ በሌብል በኩል መዞር አያስፈልግም፤ በአዋጅ ቁጥር 1112/2011 የኢትዮጵያ ምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን ሥልጣን በቀጥታ የመድኃኒት አሰጣጥን ይመለከታል። ለናርኮቲክና ለሳይኮትሮፒክ መድኃኒቶችም የየራሳቸው የማዘዣ ወረቀት አላቸው፤ ዲያዚፓምም ፌኖባርቢታልም በተራ ወረቀት አይሰጡም። የችርቻሮ መድኃኒት ቤቱን ፈቃድ የሚሰጠውና የሚያሽገው የክልሉ ወይም የከተማው ተቆጣጣሪ ነው፤ አስመጪና አከፋፋዩ ግን ከፌዴራሉ ጋር ነው። ጥቆማ ለመስጠት 8482 ነጻ መስመር አለ። ስትጠቁሙ መድኃኒት ቤቱን ብቻ ሳይሆን የመድኃኒቱን ስም፣ የባች ቁጥሩን፣ የተገዛበትን ቀንና የተሰጠበትን መያዣ ያዙ፤ ያለ ባች ቁጥር ወደ አከፋፋዩ መሄጃ የለም።

ነጭ ፖስታው ግን እኛም ጋ የሚያሳስበን ነገር ነው። ፌኖባርቢታል ለሚጥል በሽታ በሰፊው ይሰጣል። ስም፣ መጠን፣ ቀን ባልተጻፈበት ወረቀት ተጠቅልሎ ሲሰጥ፣ ቤተሰቡ ባለ 30 ሚሊግራሙን ከባለ 100ው አይለይም። ሲያልቅ ደግሞ ምን ብሎ እንደሚጠይቅ አያውቅም። በድንገት ከተቋረጠ የማይቆም መንቀጥቀጥ ሊያመጣ ይችላል። በሽተኛውን የያዛችሁ ሰዎች ዋናውን ማሸጊያ ወይም የተጻፈበት ከረጢት ካልተሰጣችሁ ከመስኮቱ አትነሱ፤ መድኃኒት ሰጪው ስሙንና መጠኑን በእጁ እንዲጽፍላችሁ ጠይቁ።

ሰናይት

ሁላችሁንም እግዜር ይስጥልኝ። የመጨረሻ፦ ሴኮናልና ኔምቡታል ዛሬ ስንተኛ ሠንጠረዥ ናቸው? አንዳንድ ማስታወሻ ሦስተኛ፣ አንዳንዱ ሁለተኛ ይላል።

አማኑኤል

ሁለቱም ትክክል ነው፤ በመልኩ ይለያያል። ሴኮባርቢታል፣ ፔንቶባርቢታልና አሞባርቢታል ከ1973 ጀምሮ ሁለተኛ ናቸው። የእነዚሁ በፊንጢጣ የሚሰጠው ዓይነት፣ ወይም ቁጥጥር ከማይደረግበት መድኃኒት ጋር የተቀላቀለው ሦስተኛ ነው። ፊዮሪናል በተባለው የራስ ምታት መድኃኒት ውስጥ ያለው ቡታልቢታልም ሦስተኛ። ፌኖባርቢታል አራተኛ። ጥያቄው «ካፕሱል» ካለ ሁለተኛ፤ ድጋሚ የለውም።